የተዘጉ መጋዘኖችና ወርክሾፖች፦ ጎንደር ከየት ትጀምር?

የቀሃ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጎንደር ዕድገት በተነሣ ቁጥር ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ በኋላ ያንሰራራችው የስፔኗ ከተማ ቢልባኦ ትጠራለች፤ «አንድ ትልቅ ሙዚየም ብንሠራ ከተማዋ ትነሣለች» ይባላል። በሌላ በኩል በፒያሳ ዙሪያና ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ በራቸው የተቆለፈ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ አሮጌ መጋዘኖችና ጋራዦች አሉ። ወጣቱ ደግሞ እጁ ላይ ሙያ ይዞ የሚሠራበት ቦታ የለውም።

ፋብሪካ ከተዘጋባቸው ከተሞች ለእኛ የሚሆነው ልምድ የቱ ነው? 300 ካሬ ሜትር የሚሆን አንድ የድንጋይ መጋዘን ለሸማኔ፣ ለብረታ ብረትና ለቆዳ ሥራ ማኅበራት ቢሰጥስ የመጀመሪያው ብር የት ላይ ይዋል?

ማስተር ፕላን (መልስ)

ቢልባኦ ስትጠቀስ ሁሌ የሚዘለል ነገር አለ። ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የኔርቪዮን ወንዝን ከፍሳሽ የማጽዳት ሥራ ተጀምሯል፤ ሜትሮው በ1995 ሥራ ጀምሯል። ከሁሉ በላይ በ1992 «ቢልባኦ ሪያ 2000» የሚባል፣ ባለቤቶቹ የመንግሥት አካላት የሆኑ ድርጅት ተቋቁሞ ወደቡና ባቡሩ የለቀቁትን መሬት አንድ እጅ ውስጥ አስገብቷል። መሬቱን አልምቶ ይሸጥ፣ ትርፉን ወደ ሌላ ሰፈር ያዞር ነበር። እኛ ግን ሕንፃውን ብቻ እናያለን። ሙዚየም የሚኖረው በጎብኚ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ2012 ወዲህ ኮሮናውም ጦርነቱም የጎንደርን ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ምን እንዳደረጋቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ደግሞም ችግራችን የእነሱ አይደለም። ላይፕዚግ ከጀርመን ውህደት በኋላ ፋብሪካዎቿ ሲዘጉ ነዋሪዋ ወጣ፤ ቤት ተረፈ፣ ሰው ጠፋ። ጎንደር ሰው እየበዛባት ነው። እዚህ ቤት ተቆልፎ የሚቀረው ፈላጊ አጥቶ አይደለም፤ ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ለስንት ዓመት እንደሚችል የሚወስን ስለሌለ ነው።

እንዲያም ሆኖ ከላይፕዚግ የምንወስደው መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ሃውስሃልተን የተባለ ማኅበር ባለቤትንና ተጠቃሚን ያገናኛል። ባለቤቱ ቤቱን አይሸጥም፣ አያከራይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ለተጠቃሚዎች ይሰጣል። እነሱ የውኃና የመብራት ወጪውን ችለው ይገለገሉበታል፣ ይጠብቁታል፣ የውስጡን እድሳት በጉልበታቸው ይሠራሉ። ጣሪያ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ሰው ከገባ ፍሳሹ በዚያው ሳምንት ይታያል፤ ባዶ ከሆነ የሚታየው ማዋቀሪያው ሲወድቅ ነው።

እዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቤቱን ይዞታ ማጥራት ነው። በአዋጅ 47/1967 የተወረሰና ዛሬ በቀበሌ ወይም በሌላ መንግሥታዊ አካል የሚተዳደር ነው? የግል ነው? የውርስ ክርክር አለበት? የቀበሌ ቤት ከሆነ ከተከራዩ ጋር ተስማምቶ መግባት ዋጋ የለውም፤ ውሉ ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጋር መሆን አለበት። ከዚያ በቅርስነት መመዝገቡን ጠይቁ። ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መጠገን አይቻልም። ፈቃዱ ሳይያዝ ግድግዳ መንካት የለም።

ኖራና ድንጋይ (መልስ)

የመጀመሪያው ብር ጣሪያና አሸንዳ ላይ ይዋል። ሁለተኛው ከግድግዳው ሥር ውኃ ማራቅ ላይ። ቀለምና መስኮት መጨረሻ ናቸው። ብዙ እድሳት የሚበላሸው ለምረቃ ሲባል ቀለሙ ስለሚቀድም ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ልስኑ ያብጣል፣ ይረግፋል።

ጣሪያ፦ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ተጠቀሙ (የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)፤ 35 ጌጅ ሰው ሲወጣበት ይታጠፋል። ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ሞገድ ተኩል፣ ከላይ ወደ ታች 20 ሳ.ሜ ይደራረብ። ጎማ ያለው ምስማር ሞገዱ ጫፍ ላይ ይመታ፤ ውኃ የሚወርድበት ሸለቆ ላይ ከተመታ እዚያው ያፈሳል። አሸንዳው በየ1 ሜትሩ 5 ሚ.ሜ ዝቅ ይበል። ግድግዳው ግርጌ የተከመረውን አፈር ቆፍራችሁ አንሡ፤ ለ2 ሜትር ያህል ወደ ውጭ በየሜትሩ 5 ሳ.ሜ የሚያዘቀዝቅ አድርጉት።

ውኃውን አታባክኑት። የዓመቱን ዝናብ 1,000 ሚ.ሜ ብለን ብንይዝ፣ 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 240 ሜትር ኩብ ይሰጣል። የአንገረብ ግድብ በደለል በተቸገረበት ከተማ ሁለት ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ትልቅ ነገር ነው። የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወደ ሮቶው አይግባ፤ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ውጭ ልቀቁት።

ግድግዳ፦ ድንጋዩ በኖራ የተገነባ ከሆነ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ አትድፈኑት። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍናል፤ መውጫ ያጣው ውኃ ድንጋዩን እየላጠ ይወጣል። በፋሲል ግቢም በጣሊያን ጊዜ ለጥገና የገባው ሲሚንቶና ኮንክሪት ኋላ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። በመጋጠሚያው ውስጥ የላላውን ቡኬት (ማያያዣ) በመዶሻና በቀጭን መሮ አውጡ። ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ይሁን፤ ከ2 ሳ.ሜ አይነስ። አቧራውን ጥረጉ፣ በውኃ አርሱ፣ ከዚያ በሳጥን ተለክቶ 1 የበሰለ (ውኃ ውስጥ ገብቶ የፈላ) ኖራ ለ3 የታጠበ ሻካራ አሸዋ ሙሉ።

ኖራ ስትገዙ አንድ እፍኝ ያልበሰለውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉ። ወዲያው ካልፈላና ካልተሰነጣጠቀ አየር በልቶታል፤ መልሱት። በሚበስልበት ጊዜ ዓይን ያጠፋልና መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ኖራውን ውኃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውኃውን ኖራ ላይ አታፍስሱ። ከበሰለ በኋላ ውኃ ለብሶ 3 ወር ቢቀመጥ ለልስን ይሆናል። ሥራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ይለቅ። ፀሐይ በቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይቀራልና ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

ምሰሶ (መልስ)

ኖራና ድንጋይ ያለው ለድንጋይ ግንብ ልክ ነው፤ ግን የጣሊያን ጊዜ ቤት ሁሉ በኖራ አልተሠራም። ብዙዎቹ የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ አላቸው፤ እነሱን በኖራ መጠገን አይሆንም። በትንሽ መዶሻ እየመታችሁ አዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ ፌሮው ዝጎ ኮንክሪቱን የገፋው ነው። ከፌሮው ጀርባ 2 ሳ.ሜ እስኪገባ ድረስ ፈልፍሉ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ የሲሚንቶ ወተት ቀቡ፣ ሳይደርቅ በ1 ለ3 ሲሚንቶና አሸዋ ሙሉ፣ 7 ቀን አጠጡ። ፌሮው አንድ አራተኛውን ያህል ከሳሳ ግን ሥራው የግንበኛ አይደለም፤ አግዳሚውን በድጋፍ እንጨት አስይዛችሁ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ።

አዘዞ ብየዳ (መልስ)

ጣሪያው ላይ ግራጫ ኢተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ ክዳን) ካለ ማንም አይጋዘው፣ አይስበረው። የድሮው ኢተርኒት አስቤስቶስ አለበት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ይገድላል። ካልተሰነጠቀ በላዩ ቀለም ቀብቶ መተው ይሻላል። መነሣት ካለበት ውኃ እየረጩ፣ ምስማሩን ፈትቶ፣ ሙሉውን ሳይሰበር ማውረድ፣ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ ማሸግ። የጨርቅ ማስክ አያድንም። የጋራዥ ግቢ ከነበረም የተቃጠለ ዘይት የጠጣውን አፈር ለጎመን መደብ አታድርጉት።

መብራት ላይ ብዙ ማኅበር ይወድቃል። አንድ ብየዳ ማሽን 6 ኪሎ ቮልት አምፒር ያህል ይወስዳል፤ አራቱ አብረው ከሠሩ 24 ነው። የ3 ኪሎዋት ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሲነሣ ለአፍታ የመደበኛውን አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል። ለመኖሪያ ቤት በሚሆን ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ ገብቶ «ማሽኑ አይሠራም» ማለት ከንቱ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት የሦስት ፌዝ ኃይል እንደሚገኝ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ትራንስፎርመር መጠበቅ ካለ የውሉ ዘመን የሚቆጠረው መብራት ከገባ ቀን ይሁን።

አቀማመጡ፦ የብየዳ ፍንጣሪ ሩቅ ይወድቃል፤ ጥጥና ፈትል ካለበት ጋር በአንድ አዳራሽ አይሆንም። እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብሎኬት ግድግዳ ይለያቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ስለሚሠራ የቤቱ ደረቁ ማዕዘን ለሱ ይሰጥ፤ ጉድጓዱ በድንጋይ ካልተገነባ በክረምት ውኃ ያመነጫል። በላዩ ከየስምንቱ ቆርቆሮ አንዱን ብርሃን በሚያሳልፍ ክዳን ተኩለት። ቆዳ ሰፊውና ጫማ ሠሪው ይግቡ። ቆዳ ማልፋት ግን እዚህ አይሁን፤ ፍሳሹ ቀሃ ወንዝ ነው የሚገባው።

የቀሃ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስተር ፕላን፣ ውሉ ላይ የግድ መግባት ያለበት ምንድን ነው? ማኅበር አድሶ ሲጨርስ ቤቱ ይነጠቃል የሚለው ፍርሃት ትልቅ ነው።

ማስተር ፕላን

ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ሰው ገንዘቡን ከጣሪያው በላይ እንዳያወጣ የሚያደርገውም እሱ ነው። ከመግባታችሁ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳና የጣሪያው ክፍል ቀኑ እየተጻፈ ፎቶ ይነሣና ከውሉ ጋር ይያያዝ። ዋናው መዋቅርና ጣሪያ የባለቤቱ ወጪ፣ የውስጡ የተጠቃሚው ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ። ማኅበሩ የባለቤቱን ድርሻ ከሸፈነ በደረሰኝ ከኪራይ ይቀነስለት። ዘመኑ ከ5 ዓመት ያነሰ ከሆነ አትፈርሙ፤ ባለቤቱ ቀድሞ ካፈረሰ ያልተቀነሰውን ገንዘብ እንዲመልስና የ6 ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይገደድ። ሦስቱ ማኅበራት ለየብቻ ይፈርሙ፣ ቆጣሪያቸውም ለየብቻ ይሁን። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሸማኔው የበያጁን ሒሳብ ሲከፍል በሁለተኛው ወር ጠብ ይነሣል።

ኖራና ድንጋይ

አንድ ነገር ልጨምር፦ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አሸንዳ መጥረግና የተፈታ ምስማር ማጥበቅ የማን ሥራ እንደሆነ በስም ይጻፍ። «የጋራ» ከተባለ ማንም አይወጣም።

አዘዞ ብየዳ

መሰላሉን እኛ እናቀርባለን። ቤቱ ከተገኘ የፌዙን ጉዳይ የሚያይ ሰውም እንልካለን፤ ግቢው የት እንደሆነ ብቻ ጻፉልን።