የሰንዳፋን ጭቃ የምትችል ቪታራ፣ እባካችሁ ምክር

ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ እርዱኝ። ቤታችን ከሰንዳፋ አስፋልት ወጣ ብሎ ነው፣ ክረምት ሲገባ ያ ዋልካ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፍና መኪናዋ ዝም ብላ ትንሸራተታለች፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ጭንቅ ነው። ያለችን የድሮዋ ባለ አምስት በር ሱዙኪ ቪታራ ናት፣ ፎር ባይ ፎሯም ሎውዋም (ቀስ ብሎ በጉልበት የሚጎትተው ማርሽ) በደንብ ይሰራሉ፣ ጎማዋ ግን የአስፋልት ነው። አንዱ መካኒክ ሞላ ቀይረህ 5 ሴንቲ ከፍ አድርጋት ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ከፍ ካለች የፊት አክስሏ አንግሉ ይበዛና ጆይንቱ (የአክስሉ መጋጠሚያ) ቶሎ ይበላል ይላል። እኔ መጀመሪያ ጥርሱ ሰፋ ያለ የጭቃ ጎማ ብቻ ላድርግላት ባይ ነኝ፣ ዋልካ ላይ የሚያስቸግረው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ አለመያዙ ስለሆነ። ከፍ ሳላደርጋት 235/75 የሚባለውን የጎማ ቁጥር ባስገባ መሪ ሲዞር ጎማው ቦዲውን ይነካ ይሆን? ለገጣፎ አካባቢ ሻንሲ ላይ መጎተቻ መንጠቆ በደንብ የሚያስር ባለሙያም ካለ ጠቁሙኝ፣ ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለብኝ።