በመስታወቱ ላይ የጠራው ምስል ወረቀቱ ላይ ለምን ይደበዝዛል? (በእጅ የተሠራ የእንጨት ካሜራ)

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ውስጥ ለዳጌር አሠራር (ፎቶ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ለሚነሳበት የቀድሞ ዘዴ) የተሸጠውን ካሜራ አርአያ አድርጌ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ሣጥን ከዋንዛ ሠርቻለሁ። ለጊዜው የምጠቀመው 13 በ18 ሴንቲ ሜትር የፎቶ ወረቀት ሲሆን መያዣውን ያበጀሁት ከኮምፔንሳቶ ነው። ከማንሳቴ በፊት ምስሉን በማጠራበት፣ ከኋላ ባለው ፍዝ መስታወት ላይ ሽፋሽፍት እስኪቆጠር ድረስ የጠራው ፊት ወረቀቱ ላይ ሲታጠብ ይደበዝዛል፤ በዚያ ላይ በአንዱ ጠርዝ በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። ሌንሱ ከአሮጌ ፕሮጀክተር የተፈታ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ይሆን?

አንደኛ መላሽ፦
መስታወቱ ላይ ያጠራ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ላይም ስለሚያጠራ ለጊዜው እሱን ይተዉት። መጀመሪያ የመስታወቱ የተፋቀ ገጽ ወደ ሌንሱ መዞሩን ይመልከቱ፤ ወደ እርስዎ ዞሮ ከሆነ በመስታወቱ ውፍረት ልክ ስተዋል። ከዚያም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በመስታወቱ ፍሬም ላይ አጋድመው እስከ ተፋቀው ገጽ ያለውን ጥልቀት በስንጥር ይለኩ፤ ወረቀት የገባበትን መያዣም እንደዚሁ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። እኔ የመጀመሪያ መያዣዬን ስሠራ ወረቀቱን ከብርሃን የሚከልለውን ተሳቢ ክዳን ውፍረት ሳላሰላ ቀርቼ አንድ ፓኬት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ልኬቱን ካላመኑ አምስት የክብሪት ቀፎዎች በሰያፍ ደርድረው በመካከለኛው ላይ ካጠሩ በኋላ ያንሱ። ወረቀቱ ላይ የጠራው ከፊት (ለካሜራው ቀረብ ብሎ) ያለው ቀፎ ከሆነ ወረቀቱ ከመስታወቱ ይልቅ ከሌንሱ ርቋል፤ ከኋላ ያለው ከሆነ ቀርቧል ማለት ነው። መያዣውን አይንኩ፤ የሚስተካከለው የመስታወቱ ፍሬም ነው።

ሁለተኛ መላሽ፦
ጥቁሩ መስመር ብርሃን ነው፤ ወረቀቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ብርሃን የገባበት ሁሉ ይጠቁራል። ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ ከመጣ ክዳኑ የሚሳብበትን አፍ ይጠርጥሩ፤ ውስጡን በጥቁር ከፋይ ጨርቅ ይለብጡት። ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ሣጥኑ ውስጥ አብርተው በዙሪያው ቢመለከቱ ቀዳዳው ራሱ ይነግርዎታል። ዋንዛው በደንብ ካልደረቀም በክረምት አብጦ ሣጥኖቹ አንዱ በሌላው ውስጥ አልንሸራተት ይላሉ፤ ለዚህ ሻማ መቀባት ይረዳል።

ወደፊት እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዛዊው አርቸር ወዳስተዋወቀው የእርጥብ ኮሎዲዮን አሠራር (ፎቶው በወረቀት ፋንታ ኬሚካል ተቀብቶ ገና እርጥብ በሆነ መስታወት ላይ ወደሚነሳበት) መሄድ ካሰቡ ግን ይህ መያዣ አይሆንዎትም። ከእርጥቡ መስታወት የታችኛው ጠርዝ የሚንጠባጠበው የብር ናይትሬት እንጨቱን ይበላዋል፤ ጠንካራ እንጨት መርጠው ጎማላካ ደጋግመው ይቀቡት።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመስታወቱ ፊት ትክክል ነበር፤ ወረቀቱ ግን 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ገብቶ አገኘሁት፤ ከፊት ያለው የክብሪት ቀፎም እንደተባለው ጠርቶ ወጣ። በፍሬሙና በሣጥኑ መካከል የካርቶን ቁራጭ አስገብቼ መስታወቱን ወደ ኋላ ገፍቻለሁ። ከፋይ ጨርቁን ነገ እገዛለሁ።