«ተፈትቷል» ብሎ ማይክ መያዝ፦ ባለ መቶ ቤቱ ዳማና ማሽኑ (ከዳማ ተጫዋቾች የስልክ ቡድን የተወሰደ ክርክር)

ጠባሴ ማዶ፦ ትናንት ደብረ ብርሃን በተደረገው የዳማ ውይይት አንዱ አስተባባሪ ማይክ ይዞ «ዳማ በኮምፒውተር ተፈትቷል፣ ባለ መቶውን ሰሌዳ ለልጆች ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው» ሲል አጨበጨባችሁለት። መፈታት ማለት ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ መጨረሻው ምን እንደሚሆን በስሌት ተረጋገጠ ማለት ነው። ታዲያ ምኑ ነው የተፈታው? እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የጆናታን ሼፈር ቡድን የፈታው ባለ 64 ቤቱን ነው፣ ያውም ንጉሡ አንድ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድበትን የእንግሊዞች ሕግ። 24 ጠጠር በ32 ቤት። መልሱም አቻ ሆነ። ባለ መቶው 40 ጠጠር በ50 ቤት ነው፣ የነገሠውም ሰያፉን ከዳር እዳር ይበራል። እሱን እስካሁን የፈታ የለም።

የጅሩ ሰንጋ፦ ተፈታ አልተፈታ ምን ለውጥ አለው? ስልክህ ላይ ያለው ፕሮግራም እንደሆነ ያበራይሃል።

ጠባሴ ማዶ፦ ሰውዬው «ያሸንፍሃል» አላለም፣ «ተፈትቷል» ነው ያለው። ቃሉን አታለሳልስለት።

ጣርማበር ዋሻ፦ «ያበራይሃል» ለሚለው ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሌክሳንደር ሽቫርትስማን ማክሲመስ ከተባለው የባለ መቶው ፕሮግራም ጋር ስድስት ጨዋታ ገጥሞ 7 ለ 5 ወጣ። አንድ አሸነፈ፣ አምስቱን አቻ። ለድል ሁለት፣ ለአቻ አንድ ነጥብ ነውና ደምሩት። ዘዴው የታወቀ ነው። ማሽን ጀግንነቱ ሜዳው ሲከፈት ነው። ዝም ብለህ ዝጋ።

የጅሩ ሰንጋ፦ «ዝም ብለህ ዝጋ»! የሱቅ በር መሰለህ እንዴ?

የእንሳሮ ልጅ፦ ሰንጋው መሳቁን ትቶ ቢሰማ ጥሩ ነበር። 50ዎቹ የመጫወቻ ቤቶች ከጥቁር ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 50 ይቆጠራሉ። መዝጋት ማለት ይኸው ነው፦ ነጭ 28 ላይ፣ ጥቁር 23 ላይ ተፋጠው ይቆማሉ። ጥቁር 28ን ዘሎ እንዳይበላ 32 መሞላት አለበት፣ ነጭ 23ን እንዳይበላ 19 መሞላት አለበት። ጥቁር 22 ላይም ከቆመ 33ም አይለቀቅም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቆጠራ ነው። እነዚህን ሳትነካ የምትሄዳቸው ትርፍ እርምጃዎች ስንት ቀሩህ? ለእሱስ? እኩል ከሆናችሁና ተራው የአንተ ከሆነ ቀድመህ የምታልቀው አንተ ነህ። ያኔ 32ን ታነሳለህ፣ 28 ይበላል፣ ቤቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ተራው የአንተ ሲሆን ቢያንስ በአንድ መብለጥ አለብህ። «ዝም ብለህ» የሚባል ነገር የለውም።

ጣርማበር ዋሻ፦ እኔስ ምን አልኩ? ዝጋ ነው ያልኩት።

የእንሳሮ ልጅ፦ «ዝም ብለህ» ነው ያልከው። እላይ አለልህ።

ጠባሴ ማዶ፦ ቆጠራውን አንድ ልውውጥ እንደሚያዛባው ጨምሪበት እንጂ እቴ። አንድ ለአንድ ስትለዋወጡ የአንተ የተራመደ ጠጠር ሄዶ የእሱ ኋላ የቆመው ከጠፋ፣ ስትቆጥረው የኖርከው ሁሉ ይገለበጣል። ልጆች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። መዝጊያውን በደንብ ይሠሩና በዳር በኩል አንዲት ልውውጥ መቅረቷን ይረሳሉ።

የጅሩ ሰንጋ፦ እሺ፣ አሁን ቁምነገር ልናገር። መቁጠር ከሆነ ማን ይበልጣል፣ አንተ ወይስ ኮምፒውተር? ሜዳው ሲከፈት ዘጠኝ አማራጭ አለ በል፣ ነጭ ሲጀምር ያለው ዘጠኝ ነውና። አሥር ተራ ወደፊት ለማየት ዘጠኝን አሥር ጊዜ ማባዛት ነው፣ 3,486,784,401 ይሆናል። ስትዘጋው ሦስት አማራጭ ይቀራል። ሦስትን አሥር ጊዜ ብታባዛው 59,049። ማሽኑን ገደል ከተትኩት ስትል መንገዱን ጠርገህ ሰጠኸው። በዚያው ጊዜ በእጥፍ ርቆ ያያል። ዝጋ! ዝጋ! ለማን ነው የምትዘጋው?

ጣርማበር ዋሻ፦ ሒሳብ ከጅሩ ሲመጣ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስንዴ መስፈሩ ጠቀመህ።

የጅሩ ሰንጋ፦ መልስ ስታጣ ስንዴ።

አንኮበር ግምብ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ነው የያዛችሁት። ሰንጋው ያለው እውነት ነው፣ ግን ከተዘጋ በኋላ ነው። ውሳኔው የሚወድቀው ከዚያ 15 እርምጃ ቀድሞ፣ ሜዳው ገና ክፍት ሳለ ነው። ያን ጊዜ ማሽኑ መጨረሻውን በስሌት አይደርስበትም፣ በግምት ነው የሚሄደው። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ግምት በእጅ የተጻፈ ነበር፦ መሐል ለቆመ ይህን ያህል፣ ዳር ለቆመ ይህን ያህል። እዚያ ላይ የበሰለ ሰው ይበልጣቸው ነበር። እንደ ስካን ያሉት የኋለኞቹ ግን ሰሌዳውን ቆራርጠው የእያንዳንዱን ቁራጭ አሰላለፍ ዋጋ ራሳቸው ከራሳቸው ጋር ከተጫወቱት እጅግ ብዙ ጨዋታ ይማራሉ። የተዘጋ መሐል ምን እንደሚያመጣ ሳያሰሉም ይሸታቸዋል። የ2012ቱን ውጤት እንደ ጋሻ ይዛችሁ አትውጡ።

ጣርማበር ዋሻ፦ ጋሼ፣ እርስዎም ከአስተባባሪው ጋር ሆኑ ማለት ነው?

አንኮበር ግምብ፦ እኔ ከማንም ጋር አልሆንኩም ልጄ። «ተፈትቷል» ውሸት ነው፣ «ዝም ብለህ ዝጋ» ደግሞ ያረጀ ነው።

ጠባሴ ማዶ፦ ታዲያ ለልጆቹ ምን ይሰጥ ይላሉ ጋሼ?

አንኮበር ግምብ፦ አቻ ማውጣትን። መጀመሪያ ወጥመዱን። ባለ መቶው ላይ መብላት ግዴታ ነው፣ ሁለት መንገድ ካለም ብዙ ጠጠር የሚያስገኘውን መብላት ግዴታ ነው። ማሽኑ ሁለት ሦስት ሰጥቶ አምስት የሚያነሳው በዚህ ነው። ግዴታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የአንተ መልስ አንድ ብቻ ነው፣ ለእሱ ስሌቱ ምንም አይፈጅበትም። ስለዚህ እርምጃ ከመንካትህ በፊት «ይህን ቢሰጠኝ የት ያሳርፈኛል?» ብለህ እስከ መጨረሻው ዝላይ ተከተል።

የእንሳሮ ልጅ፦ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። ሰንጋው አይከፋው።

የጅሩ ሰንጋ፦ ከፍቶኛል።

አንኮበር ግምብ፦ ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ከ46 እስከ 5 ያለውን ረጅሙን ሰያፍ በቃል ይያዙት፦ 46፣ 41፣ 37፣ 32፣ 28፣ 23፣ 19፣ 14፣ 10፣ 5። አንድ ንጉሥ እዚያ ላይ ከተቀመጠና ወዲያው የሚያስበላው ወጥመድ ከሌለ ሦስት ነገሥታት አይነቀንቁትም፣ በ16 እርምጃም አቻ ይባላል። አንድ ሁለት ጠጠር ተበልጦም አቻ የሚወጣው በዚህ ነው።

የጅሩ ሰንጋ፦ ግን ስምንት ጠጠር ሲቀር ማሽኑ ሁሉንም አስቀድሞ ተሰልቶ ከተቀመጠ መዝገብ ነው የሚያነበው። እዚያ ይዘኸው ሄደህ ምን ታተርፋለህ?

ጠባሴ ማዶ፦ መዝገቡ አቻውን ድል አያደርገውም! አቻ ከሆነ አቻ ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ መዝገቡ የሚለው ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ ብቻ ነው፣ በስንት እርምጃ እንደሆነ አይናገርም። ያሸነፈበት ቦታ ላይ ራሱ ስሌት ካልጨመረበት ወዲያ ወዲህ ሊንከራተት ይችላል።

የእንሳሮ ልጅ፦ እሱ ልክ ነው፣ ግን አቻው አንዳንዴ በአንዲት እርምጃ ብቻ ነው የሚገኘው። ማሽኑ ያያታል፣ ልጁ ሰዓት እየቆጠረበት መፈለግ አለበት።

ጣርማበር ዋሻ፦ ስለዚህ ቀድሞ መዝጋት።

የጅሩ ሰንጋ፦ አይ አንተ!

መሐል ሜዳ፦ ክርክሩን አሁን ነው ያየሁት። ለመሆኑ ሰሌዳው የታለ? እዚህ ሁሉም ባለ 64 ነው። 20 ቆርኪ በፊቱ፣ 20 በጀርባው፣ ለሚነግሡት መደረቢያ ሲጨመር ሃምሳ ግድም ያስፈልጋል። ቆርኪ ደግሞ በብርድ በደነዘዘ ጣት ሲነካ ይንሸራተታል፣ 28 ይሁን 29 ያጨቃጭቃል።

ጣርማበር ዋሻ፦ መንዝ ገብቶ ብርድ ሳያነሳ ይወጣል?

መሐል ሜዳ፦ ጣርማበር ላይ ሆነህ ስለ ብርድ ትሳለቃለህ?

የእንሳሮ ልጅ፦ ካርቶን ላይ አሥር በአሥር አሥምሩ፣ ቤቱ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ቆርኪው በቂ ቦታ ያገኛል። በግራ እጅ በኩል ቅርቡ ጥግ ጥቁር ይሁን። ከተገለበጠ ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል፣ ረጅሙ ሰያፍም በሌላ በኩል ይወድቃል።

ጠባሴ ማዶ፦ ካርቶኑ ይቆየን። አስተባባሪው እዚህ ቡድን ውስጥ እንዳለ እናውቃለን። «ተፈትቷል» ያልከው ባለ 64ቱን ነው ወይስ ባለ መቶውን? አንድ መስመር ጻፍ።

የጅሩ ሰንጋ፦ አንብቦታል። መልእክትህ ላይ ሁለት ሰማያዊ ጭረት አይታይህም?

ጣርማበር ዋሻ፦ ዘግቶ ይሆናል።