ለጎልፍ ወደ ስኮትላንድ፦ የባሕር ዳርቻው ሜዳ ይሻላል ወይስ ዛፍ ያለው?

የደጀን ልጅ (ከሜሪላንድ)

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። ለእረፍት ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነኝ። ዝናቡ ቤት ሲያውለን የጎልፍ ወሬ ተነሳ። ሁለቱ ልጆቼ አሜሪካ ተወልደው ጎልፍ የለመዱ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ግን እዚሁ ማርቆስ ነው የሚኖረው። ስድሳን አልፏል፤ ጉልበቱንም ያመዋል። የጎልፍ ዱላ የጨበጠው አምና ሊጠይቀን ሲመጣ ነው። ለከርሞ አራታችን ስኮትላንድ ሄደን አንድ ሳምንት እንጫወት ብለናል። ከባሕር ዳርቻ ያለው ሊንክስ የሚሉት ሜዳ ይሻላል ወይስ ዛፍ ያለው ፓርክላንዱ? የሚያውቅ ይምራን።

የቢቸና ልጅ (ከኤድንብራ)

ጋሼ፣ እንኳን ከእናትዎ ጋር አገናኘዎ። የኔ መልስ ሊንክስ ነው። ፓርክላንድ ሜሪላንድም ሞልቷል፤ ለሱ ብሎ ውቅያኖስ መሻገር ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ብቻ ይተዉለት።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ሊንክስ በባሕሩና በእርሻው መሐል ያለ አሸዋማ መሬት ነው። ዛፍ እምብዛም የለውም። ዝናብ ቢወርድበት ውሃውን ወዲያው ይመጠዋል። ፓርክላንድ ከባሕር ራቅ ያለ ነው፤ ዛፉ ብዙ፣ ሣሩ ለምለም። አፈሩ ከባድ የሆነበት ቦታ በብርድ ወራት እንደኛ ዋልካ እግር ይይዛል።

ጨዋታውም በዚያው ይለያል። ልጆችዎ ኳሷን ሽቅብ ሰቅለው ግሪኑ ላይ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ) ማሳረፍ ለምደው ይሆናል። ሊንክስ ላይ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ኳሷ ነጥራ ከግሪኑ ኋላ ትሄዳለች። ሽቅብ የወጣችውን ደግሞ ንፋሱ ይወስዳታል። ብልሃቱ ዝቅ አድርጎ መትቶ መሬት ለመሬት ማስኬድ ነው። ከግሪኑ 20 ሜትር ርቀው ፑተር (ግሪን ላይ ኳስ ማንከባለያውን ዱላ) የሚያወጡ ሽማግሌዎች ያያሉ። እንዳይስቁባቸው፤ የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው። ባንከሮቹ፣ ማለትም የአሸዋ ጉድጓዶቹ፣ ጠባብና ጥልቅ ናቸው። አንዳንዴ ወደ ፊት መምታት ጭራሽ አይቻልም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ መውጣት ነው። እልህ የያዘው ሰው እዚያው ውስጥ አምስት ምት ይጨርሳል።

ሁሉም የሚጠይቀው ሴንት አንድሩስን ነው። የከተማዋ ስመ ጥር ሜዳ ኦልድ ኮርስ የሕዝብ ነው፤ ግን ሰው ይሻማበታል። ቀድሞ ያልያዘ ሰው ሁለት ቀን አስቀድሞ ዕጣ ውስጥ ይገባል። የሃንዲካፕ (የተጫዋች ችሎታ መለኪያ ቁጥር) ማስረጃም ይጠየቃል፤ ወንድምዎ በዚህ ይወድቃሉ። አይዘኑ። እዚያው ከተማ ባልጎቭ የሚባል ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ፤ ለጀማሪና ለቤተሰብ የተሠራ ነው። እሁድ ደግሞ ኦልድ ኮርስ እንደ ወትሮው ለጨዋታ ዝግ ስለሆነ አገሬው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። እናንተም ገብታችሁ በነፃ ፎቶ ተነሱ።

ለኔ ግን ኖርዝ ቤሪክ ይበልጥብኛል። ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የድንጋይ ካብ ሜዳውን ያቋርጣል። 13ኛው ጉድጓድ ላይ ግሪኑ ከካቡ ማዶ ተቀምጧል፤ ኳሷ ካቡን ካልዘለለች ነጥራ ወደ እርስዎ ትመለሳለች። ከባሕሩ ላይ ባስ ሮክ ይታያል፤ በወፍ ብዛት የነጣ ቋጥኝ ነው። ልጆችዎ ይህን አሜሪካ አያገኙትም።

የፓርክላንዱን ቀን ለወንድምዎ ያድርጉት። ብዙ ሊንክስ ላይ በእግር ነው የሚኬደው፤ ቡጊ (የሜዳ ውስጥ ትንሽ መኪና) የሚፈቅዱት ለታመመ ሰው ብቻ የሆኑም አሉ። ኤድንብራ አጠገብ ዳልማሆይ አለ። ሁለት ሜዳና ሆቴል አለው፤ በ1992 ሶልሃይም ካፕ የሚባለው የሴቶች ጎልፍ ውድድር የተካሄደው እዚያ ነው። ዛፉ ንፋሱን ይሰብርልዎታል። ቡጊውን ግን ቀድመው ይያዙ።

የቡሬ እህት (ከዳላስ)

ሜዳው ደርሶ ቪዛውስ? እኔና ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያለን። አየርላንድንም ደርበን ብናይ ደስ ይለን ነበር።

የቢቸና ልጅ (ከኤድንብራ)

እህቴ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የምትጓዙት ግሪን ካርዱ አያስገባችሁም። ለብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋል። የጋሼ ልጆች የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላቸው በስልክ የሚሞላው ኢቲኤ የሚሉት የጉዞ ፈቃድ ይበቃቸዋል። የጋሼ ወንድም ግን አዲስ አበባ ወርደው አሻራ መስጠት አለባቸው፤ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰነዱን አሟልተው አንዴ ይሂዱ። ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው 3 ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ይመጣል። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ ለሜዳ እንዳትከፍሉ!

አየርላንድ ሪፐብሊክ ሌላ ቪዛ ነው። በአንዱ ቪዛ ሁለት አገር ማየት ካማራችሁ ሮያል ፖርትረሽ ወደሚባለው ሜዳ ሂዱ። ሰሜን አየርላንድ ስለሆነ የብሪታንያው ቪዛ ይሠራል። ዘ ኦፕን የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር በ2025 የተካሄደው እዚያው ነው፤ እሱም ሊንክስ ነው። ከስኮትላንድ በቀጥታ ወደ ቤልፋስት ብረሩ እንጂ በደብሊን በኩል አትሂዱ።

የደጀን ልጅ (ከሜሪላንድ)

እግዜር ይስጥልኝ። ወሩስ? ወንድሜ ፍልሰታን አይፈታም።

የቢቸና ልጅ (ከኤድንብራ)

እንግዲያው በፈረንጆቹ ጁን ኑ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን ነው፤ ከእራት በፊት ሁለተኛ ዙር ይደርሳል። ኦገስት ከፍልሰታውም ሌላ ኤድንብራ ለፌስቲቫል ትጨናነቃለች፤ ማረፊያው እሳት ነው። ጃንጥላ አትያዙ፤ ንፋሱ ይገለብጠዋል። ጥሩ የዝናብ ጃኬት ግዙ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ደግሞ የክለቡን ሾርባ ከማዘዛችሁ በፊት ቅቤ እንዳለው ጠይቁ፤ አብዛኛው አለው።