ባለ 4 ኮር ኤዲሲ፦ 1250 ሜጋኸርዝ ላይ የማይንቀሳቀስ መስመርና የሳይኑ ጥላዎች

ሞገድ_ቆጣሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስፔክትሮሜትር ኢቪ8ኤኪው160 የተባለውን ባለ 8 ቢት ኤዲሲ (የአናሎግ ሲግናልን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ) እየሞከርን ነው። አራቱም ኮሮች (በቺፑ ውስጥ ያሉት መቀየሪያዎች) ተጣምረው በሰከንድ 5 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳሉ። ልክ 1250 ሜጋኸርዝ ላይ ቀጭን መስመር አለ፤ ግቤቱን በ50 ኦም ስንዘጋውም አይጠፋም። የ300 ሜጋኸርዝ ሳይን ስናስገባ ደግሞ 950፣ 1550 እና 2200 ላይ ጥላ (ያላስገባነው መስመር) ይወጣል። ቺፑ ተበላሽቷል ወይስ ይስተካከላል? ወይስ ትተነው ባለ 12 ቢት አርኤፍሶክ (ኤዲሲውና ፕሮግራም የሚደረገው ሎጂክ በአንድ ላይ ያሉበት ቺፕ) እንውሰድ?

ሳይን_ፈታሽ
ቺፑ ደህና ነው። ኮሮቹ ተራ በተራ ስለሚያነቡ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በየአራት ናሙናው እየተደጋገመ ይመጣል። የ1250ው መስመር የኦፍሴት (የዜሮ ነጥብ) ልዩነት ነው፤ ግቤት የማይፈልገውም ለዚህ ነው። ጥላዎቹ ደግሞ ከጌይን (የማጉላት መጠን) እና ከፌዝ (ናሙና የሚወሰድበት ቅጽበት) ልዩነት የሚመጡ ናቸው። ሳይኑን ወደ 310 ብትወስዱት 940፣ 1560 እና 2190 ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ጌይን ይሁን ፌዝ ለመለየት ድግግሞሹን አራት እጥፍ አድርጉት፦ የጌይን ጥላ ባለበት ይቆያል፣ የፌዙ 12 ዲሲቤል ገደማ ያድጋል። ለመጠን ያህል፣ በሁለት ኮሮች መካከል የ1 ፒኮሰከንድ መዛነፍ 1 ጊጋኸርዝ ላይ ከዋናው 50 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ጥላ ይሰጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲግናል ጀነሬተሩንና የኤዲሲውን ክሎክ በአንድ የ10 ሜጋኸርዝ ሪፈረንስ እሰሯቸው። 16384 ናሙና ውስጥ 983 ሙሉ ዑደት እንዲገባ ጀነሬተሩን 299.987793 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት፤ 983 ተካፋይ ስለሌለው ናሙናዎቹ በሞገዱ ላይ የተለያየ ቦታ ያርፋሉ። ከጀነሬተሩ በኋላ ሎፓስ ፊልተር አስገቡ፤ አለዚያ የራሱን ሃርሞኒክ (የድግግሞሹን ብዜቶች) የኤዲሲው ጥፋት አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ። የሳይኑ ጫፍ 110 ቆጠራ (የኤዲሲው የቁጥር ደረጃ) አካባቢ ይሁን፣ 127ን እንዳይነካ። ከዚያ የእያንዳንዱን ኮር 4096 ናሙና ለብቻው ለይታችሁ ቋሚ ቁጥር፣ ሳይንና ኮሳይን በሊስት ስኩዌርስ (የስህተቱን ካሬ ድምር በሚያሳንስ ዘዴ) ግጠሙለት። ቋሚው ኦፍሴት ነው፣ ከሁለቱ ጌይንና ፌዝ ይወጣል። አሥር ያህል ቅጂ አማክላችሁ፣ ልዩነቱን በኤስፒአይ ሪጂስተሮቹ (የቺፑ ማስተካከያ ቁጥሮች የሚጻፉባቸው ቦታዎች) ላይ ጽፋችሁ እንደገና ለኩ። በአንድ ዙር አያልቅም፤ ሁለት ሦስቴ መደጋገም አለበት።

ቢት_ለቃሚ
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ከእሱ የሚቀድም ነገር አለ። ኤፍፒጂኤው (ከኤዲሲው የሚቀበለው፣ ፕሮግራም የሚደረግ ቺፕ) መረጃውን በትክክል እየተቀበለ መሆኑ ካልተረጋገጠ ያ ሁሉ ግጥሚያ ከንቱ ነው። ኤዲሲውን ራምፕ የሚያወጣበት የሙከራ ስልት ውስጥ አስገቡት፤ እያንዳንዱ ኮር ከ0 እስከ 255 በተራ መቁጠር አለበት። የመቀበያውን ክሎክ ፌዝ ደረጃ በደረጃ እያንሸራተታችሁ ስህተቱን ቁጠሩ፣ ከዚያ ስህተት የሌለበትን ክልል መሀሉን ምረጡ። ዜሮ ስህተት ስላያችሁበት ብቻ ጫፉ ላይ አትቁሙ፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲለወጥ ከክልሉ ይወጣል። ቢትስትሪም (የኤፍፒጂኤው ፕሮግራም) በተጫነ ቁጥር ይህን ድገሙት።

የኮሮቹ ቅደም ተከተልም ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ናሙናው የሚመጣው ኤ፣ ሲ፣ ቢ፣ ዲ ሆኖ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብላችሁ ከደረደራችሁ ጥላው ከዋናው መስመር ጋር የሚፎካከር ይሆናል፣ ያን ደግሞ የትኛውም ሪጂስተር አያስተካክለውም።

ዲሲቤል
ስለ ምርጫው ልመልስ። ተጨማሪ ቢት የሚገዛው ስሜታዊነትን አይደለም። ለኖይዝ መሰል ሲግናል የ2 ቢት ብቃት (ፍጹም ኤዲሲን 1 ብንል) 0.88፣ የ3 ቢት 0.96፣ የ4 ቢት 0.988 ነው። ቢት የሚያስፈልገው ጣልቃ ገብ ሲግናልን ለመሸከም ነው። በ8 ቢት የኖይዙን አርኤምኤስ (ውጤታማ መጠን) 20 ቆጠራ ላይ ብታስቀምጡት ለአንድ ጠንካራ ቶን (ነጠላ ድግግሞሽ ያለው ሲግናል) 13 ዲሲቤል ቦታ ይተርፋል። በ12 ቢት፣ የኤዲሲው የራሱ ኖይዝ ጥቂት ቆጠራ ስለሚበላ ወደ 60 ብታነሡት እንኳ 27 ዲሲቤል ገደማ አላችሁ። ስለዚህ ራዳር ወይም የሞባይል ማማ የሚገባበት ባንድ ከሆነ 12 ቢቱን ውሰዱ። ንጹሕ ባንድ ከሆነ ግን ስፋቱ ይበልጣል፦ በአርኤፍሶኩ 4.096 ጊጋሳምፕል (በሰከንድ 4.096 ቢሊዮን ናሙና) ጣሪያችሁ 2.048 ጊጋኸርዝ ነው፣ የአንቲ-አሊያስ ፊልተሩ (ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚያስቀረው) ተዳፋት ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አርኤፍሶክ ኮሮቹን ከጀርባ ራሱ ያስተካክላል፤ ሆኖም ረጅም ምልከታ ሲጀመር ካሊብሬሽኑን ባለበት ማገድ ይሻላል፣ አለዚያ በመሀል ጌይኑ እንዳይለወጥ ዋስትና የላችሁም።

የክሎክ ጂተርን (የናሙና ቅጽበት የዘፈቀደ መዋዠቅ) ከሚገባው በላይ የሚፈሩት አሉ። 1 ፒኮሰከንድ ጂተር 2 ጊጋኸርዝ ላይ 38 ዲሲቤል የሲግናል ለኖይዝ ምጣኔ ይሰጣል፤ አስፈሪ ይመስላል፣ ግን ኖይዝ ላይ የተጨመረ 0.016 በመቶ ኖይዝ ነው። የሚያሳስበው ጠንካራ ቶን ባለበት ብቻ ነው።

ሞገድ_ቆጣሪ
አመሰግናለሁ። ቴሌስኮፑ ላይ ከተተከለ በኋላ ጀነሬተር ማገናኘት ይከብዳል። በሰማዩ ኖይዝ ብቻ ማስተካከል ይቻላል?

ሳይን_ፈታሽ
ኦፍሴትና ጌይን ይቻላል፦ የየኮሩን አማካይና ስታንዳርድ ዲቪየሽን ማነጻጸር ነው። ግን 4096 ናሙና አይበቃም፣ የዲቪየሽኑ ስህተት 1.1 በመቶ ይሆናል። ለኮር አንድ ሚሊዮን ናሙና ሰብስቡ፣ ወደ 0.07 በመቶ ይወርዳል። በየኮሩ የሚሰላ ቁጥር ስለ ጊዜ መዛነፍ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ለፌዙ ቶን የሚገባበት ካፕለር (ሲግናል ወደ መስመሩ የሚጨምር ክፍል) ከአንቲ-አሊያስ ፊልተሩ በፊት አሁኑኑ ትከሉ።