የመንግሥት ጡረታ ከጀመረልኝ ወዲህ የታክስ ኮዴ ወደ 59ኤል የወረደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
በብሪታንያ ለምትኖሩ ወገኖቼ ሁሉ። ቀድሞ ከሠራሁበት ድርጅት በየወሩ 500 ፓውንድ ጡረታ ይከፈለኝ ነበር፤ ሌላ ገቢ ስላልነበረኝም ታክስ ተቆርጦበት አያውቅም። በ2025 እ.ኤ.አ. ማርች ማብቂያ ላይ 66 ዓመት ሞልቶኝ ስቴት ፔንሽን (የመንግሥት ጡረታ) በሳምንት 230.25 ፓውንድ ሲጀመርልኝ ግን፣ የታክስ ኮዴ፣ ማለትም ከገቢዬ ምን ያህሉ ከታክስ ነጻ እንደሆነ ለከፋዩ የሚነግረው ምልክት፣ ከ1257ኤል ወደ 59ኤል መለወጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከኤፕሪል ጀምሮም ከድርጅቱ ጡረታ በየወሩ 90 ፓውንድ ገደማ ይቆረጣል። ከስቴት ፔንሽኑ አንዲት ፔኒ አልተነካችም። ያልጨመረው ጡረታዬ በምን ሥርዓት ነው የሚቀረጠው?

መልስ 1፦
እንኳን ለጡረታ አበቃዎ። ከገለጹት በመነሣት ኮዱ ትክክል ነው። ስቴት ፔንሽን ታክስ የሚታሰብበት ገቢ ቢሆንም ሳይቆረጥበት በሙሉ ስለሚከፈል፣ ኤችኤምአርሲ (የብሪታንያ የታክስ መሥሪያ ቤት) ታክሱን የሚሰበስበው መቁረጥ ከሚችለው ከሌላው ከፋይ፣ ማለትም ከድርጅቱ ጡረታ ነው። በዓመት ከታክስ ነጻ የሆነው ገቢ 12,570 ፓውንድ ነው፤ የስቴት ፔንሽንዎ የ52 ሳምንት ድምር 11,973 ስለሚሆን፣ ለድርጅቱ ጡረታ የሚተርፈው ነጻ ገቢ 597 ብቻ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ሲጣል 59 ይቀራል። ከ6,000 ፓውንዱ የቀረው 5,403 በ20 በመቶ ሲታሰብ በዓመት 1,080፣ በወር 90 ፓውንድ ይመጣል። ሁለቱን ጡረታዎች ደምረው 12,570 ቢቀንሱም የሚያገኙት ያንኑ 5,403 ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ የተቀረጠ ገንዘብ የለም።

መልስ 2፦
ታዲያ ስልክ ደውለው 1257ኤል እንዲመለስላቸው ቢጠይቁስ?

መልስ 3፦
ያ ምክር ጠያቂውን ዕዳ ውስጥ ይከታቸዋል፤ ኮዱ ቢመለስም ታክሱ አይሰረዝምና፣ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ያልተከፈለው ተሰልቶ ይጠየቃሉ። ይልቅስ በደብዳቤው ላይ ለስቴት ፔንሽን የተያዘው መጠን በእርግጥ ከሚከፈልዎ ጋር መስማማቱን ያመሳክሩ። በተለይ ስቴት ፔንሽን በዓመቱ መካከል ለጀመረለት ሰው፣ የጥቂት ወራት ገቢ የሙሉ ዓመት ተደርጎ ከተያዘ ከሚገባው በላይ ይቆረጥበታል። እንዲህ ያለ ስህተት ካገኙ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ባለው የግል የታክስ መዝገብዎ በኩል ማሳረም ይችላሉ፤ በትርፍ የተከፈለ ታክስም እስከ አራት የታክስ ዓመት ወደ ኋላ ተሄዶ ይጠየቃል።

ሌላም የሚጠብቁት ለውጥ አለ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ሙሉው አዲሱ ስቴት ፔንሽን በሳምንት 241.30 ፓውንድ ሲሆን ነጻው ገቢ ግን እዚያው 12,570 ላይ ስለቆመ፣ የሚተርፍልዎ 22 ፓውንድ ገደማ ነው፤ በዚህም የተነሣ የዓመቱ ታክስ በ115 ፓውንድ ያህል ይጨምራል። ስቴት ፔንሽናቸው ከነጻው ገቢ የሚበልጥ ሰዎች ደግሞ ኬ በሚል ፊደል የሚጀምር ኮድ ይሰጣቸዋል፤ ይህም ትርፉን እንደ ተጨማሪ ገቢ ቆጥሮ ከሌላው ጡረታ ላይ ታክሱን ያስቆርጣል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ክፍያ የሚቆረጠው ከዚያ ክፍያ ግማሽ እንዳይበልጥ በደንቡ ተገድቧል።