እህቴ ኢአርሲፒ ሊሠራላት ነው፣ የቆሽቷ ነገር አስጨንቆኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም ወይም በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

እህቴ 32 ዓመቷ ነው። በአልትራሳውንድ የሐሞት ቱቦዋ ሰፍቶ ታየ፣ ጠጠሩ ግን በግልጽ አልታየም። ለማክሰኞ ኢአርሲፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ የሐሞት ቱቦን ማየትና ጠጠር ማውጣት) ተቀጠረላት። ሐኪሙ «ከዚያ በኋላ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል» ብሎ አለፈና ፈርሙ ተባልን፣ እስክሪብቶውን ይዤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ይህን የቆሽት መቆጣት አደጋ ይጨምራሉ ተብሎ ያነበብኩት ሁሉ እሷን ነው የሚገልጸው። ሴት መሆን፣ በዕድሜ ወጣት መሆን፣ ቢሊሩቢን (በደም ምርመራ የሚለካው የሐሞት ቀለም) ኖርማል መሆን፣ በፊት ቆሽት ታሞ ማወቅ። አምና በዚሁ በቆሽት 6 ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፣ የቀመሰችው ውሃ እንኳ ተመልሶ ሲወጣ አጠገቧ ነበርኩ። ሌላው እዚያው ሲሠራላት የሚታይ ነው፤ ወደ ሐሞት ቱቦው መግባት ካስቸገረና መንገድ መሪው ቀጭን ሽቦ ደጋግሞ ወደ ቆሽት ቱቦ ከሄደ አደጋው ይጨምራል።

ጠጠሩ መኖሩ እስኪረጋገጥ መጀመሪያ በኤምአርአይ ይታይልን ብል ያስቆጣል? ቆሽቷ እንዳይቆጣ በፊንጢጣ የሚገባውን መድኃኒት፣ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ፣ እንዲሰጧት ብጠይቅስ? ከውጭ ግዙ የሚሉን ከሆነ ከአሁኑ ፋርማሲ ለፋርማሲ ልዙር። ደግሞ ቤት ከገባች በኋላ ሆዷን ቢያማት፣ ምን ዓይነቱ ሕመም ነው ሳይነጋ ይዣት እንድሮጥ የሚያደርገኝ?